ከሁለት የሚጀምር ዝርዝር

ሞላሌ፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰናይት፤ ናይሮቢ፣ አክስትሽ እየሩስ ቤት።

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን። ብርዱን ታውቂዋለሽ፤ ገብሱ ታጭዶ ሜዳው ባዶ ሲቀር ነፋሱ ከጓሳ ተነስቶ ማንም ሳያቆመው እኛ በር ላይ ነው የሚያርፈው።

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ይሥሐቅ አምጥቶልኛል። የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ በመስኮት ነው ያቀበለኝ። ከሞያሌ እስኪመጣ ዘይት ነክቶታል፤ ግን ይነበባል። ስልክ ለምን አይደወልም ላልሽው፣ ኔትወርክ የለም። አንዳንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ይመጣና፣ ሰው ሁሉ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ሲጮህበት ደንግጦ ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ በወረቀት እንሁን። ለኔ ወረቀት ይሻለኛል። ስልክ ላይ የምለው ይጠፋኛል፤ ወረቀት ላይ ቁጥር እሰጠዋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ተቆጥተዋል ወይ ብለሻል። አልተቆጣሁም፤ ደንግጫለሁ። ሁለቱ ይለያያል። "ራግቢ የሚባል ነገር ገብቻለሁ፣ አምስት ወር ሆነኝ፣ ሳልነግራችሁ ቀረሁ" ብለሽ ስትጽፊ እኔ መጀመሪያ ሃይማኖት የለወጥሽ መስሎኝ ነበር። ያስረዳኝ ኃይለመስቀል ነው። ጡረታ ወጣ እንጂ የስፖርት መምህርነቱ መቼ ወጣለት!

"ኳስ የያዘ ሰው ከነኳሱ መሬት ላይ መጣል የሚፈቀድበት ጨዋታ ነው" አለኝ።

"ሴትም?"

"ሴትም።"

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። እናትሽ ግን ደብዳቤሽን ሁለቴ አስነበበችኝና "ማንን ነው የምትጥለው?" አለች። ሌሎች ሴቶችን አልኳት። "እሷስ ትወድቃለች?" ትወድቃለች አልኳት። "ከጣለች ይሁን" አለች። ከዚያ ወዲህ ከኔ ይልቅ ጠያቂዋ እሷ ሆናለች።

የሚያሳስበኝን ልዘርዝር። በተራ መልሺልኝ።

1. ጥርስ። ይሸፈናል ወይስ እንዲሁ ነው?
2. አንገት። አንገት ይዞ መጣል ይፈቀዳል?
3. ብትጎጂ ማን ያነሳሻል? ሐኪም እዚያው ነው ወይስ እስኪጠራ ነው?
4. ስንተኛ ቁጥር ነሽ? ከሰው መሀል ነሽ ወይስ ብቻሽን?
5. የቁምጣው ነገር። ይህን እናትሽ ተወው ስላለችኝ ትቼዋለሁ። ቁጥሩ እንዳይዘል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሰላምታ የሚሉሽ፦

1. እናትሽ ጥሩሸዋ። "ወድቀሽ መሬት ላይ አትቆዪ፣ ብርድ ይመታሻል" በልልኝ ብላለች። ናይሮቢ እንዲህ ያለ ብርድ የለም ብላት አልሰማ አለች።
2. አጎትሽ ወልደ ጻድቅ፣ ከቀየት። የእናትሽ ወንድምነቱን ለማሳየት ያንቺን ነገር በሰማ ቁጥር ያለቅሳል።
3. ኃይለመስቀል።
4. መምህር ምንተስኖት። የመርሐቤቴ ሰው ነው፣ የኛን ሰርቪስ ቤት ተከራይቷል፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ነው የመጣው። ሳያውቅሽ ሰላም ይልሻል።
5. ይሥሐቅ።
6. ላሟ ቡሬ። ይቺን እናትሽ ናት ያስጻፈችኝ።

እኔ በዕድሜ ነበር የማሰልፋቸው። እናትሽ አንደኛ ካልሆንኩ ሰላምታም አልልክ አለች።

አባትሽ ተገኘ፣ ጥርስሽን እያሰበ።


ናይሮቢ፣ የካቲት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? በተራ እመልሳለሁ፤ አለዚያ ቁጥር ዘለልሽ ይሉኛል።

1. ጥርስ ይሸፈናል። ፕላስቲክ ነገር ነው፤ በሙቅ ውሃ አለስልሰን እንነክሰዋለን፣ ከዚያ የጥርሳችንን ቅርጽ ይይዛል።
2. አንገት አይነካም። ከትከሻ በላይ የያዘች ከሜዳ ትባረራለች።
3. ነርስ አለች፣ መስመሩ ዳር ቆማ ነው የምትውለው።
4. አሥራ አምስት ቁጥር ነኝ። ከሁሉም ኋላ ነው የምቆመው። ሁሉን አልፋ የመጣችውን የምይዘው እኔ ነኝ። እውነቱን ከፈለጉ፣ አዎ፣ ብቻዬን ነኝ።
5. ጠይቀው ስለተዉት እኔም መልሼ ተውኩት።

ይህን ደግሞ ለእማዬ ያንብቡላት። እማዬ፣ ኳሷ ክብ አይደለችም፤ ትልቅ ድንች በያት። በየወገኑ አሥራ አምስት ነን። ፊት ያሉት ስምንቱ ከነሱ ስምንት ጋር ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይገፋፋሉ፤ በጎቻችን ብርድ ሲመታቸው እንደሚተፋፈጉት ማለት ነው። እዚያ ውስጥ አንደኛ ቁጥር የምትባለው ሸክሙን የምትይዘው ናት። እሷ ከተንሸራተተች ሁሉም ይደረመሳሉ። ኳሷን ይዞ ወደፊት መሮጥ ነው፤ በእጅ ማቀበል ግን ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚፈቀደው። የነሱን መስመር አልፋ ኳሷን መሬት ያስነካች አምስት ነጥብ ታገኛለች፤ ሌላው ነጥብ በእግር በመምታት ነው።

አሁን ዋናው። ቅዳሜ ሚያዝያ 5 ከምቶኒ ጋር እንጋጠማለን። የኛ ሰፈርና ክለብ ስሙ ኪሊማ ነው፤ በዚህ አገር ቋንቋ ኮረብታ ማለት ነው። ምቶኒ ደግሞ ወንዝ ዳር ማለት ነው፤ ከኛ ቁልቁል ያለው ሰፈር ነው። አይዋደዱም ብል አይገልጸውም። ለአክስቴ ምግብ ቤት ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴትዮ የምቶኒ ናት፤ የኪሊማ ልጅ መሆኔን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ የፈረጠውን ከሥር እያደረገች ትሰጠኛለች። ባለፈው ዓመት በሠላሳ ነጥብ አሸንፈውናል፤ እስከ ዛሬ ይዘፈንብናል።

አባባ፣ ሌላም ነገር አለ። ያን ቀን ከአንድ የነርስ ኮሌጅ ሰዎች ይመጣሉ። ለጨዋታ የመረጧትን ልጅ ሦስት ዓመት በነፃ ያስተምሯታል። አሰልጣኛችን ስሜን ሰጥታለች። ከሃያ ሁለት ዓመት በላይ አይቀበሉም፤ እኔ ደግሞ በሰኔ ወር ሃያ ሦስት ዓመት ይሞላኛል። ስለዚህ ያለችኝ ይቺው አንድ ቅዳሜ ናት።

እማዬን በታኅሣሥ ያማት የነበረው ሆዷ ተሻላት? ሁለቴ ጠይቄ ሁለቴም ሳይመልሱልኝ ቀሩ።

ልጅዎ ሰናይት


ሞላሌ፣ የካቲት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሰናይት፣ ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ ጥርስሽም መሸፈኑን ሰማሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአራተኛው መልስሽ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ከኋላ ብቻዋን የምትቆም ለምን አስፈለገች? ሁለት ቢሆኑስ?

እናትሽን ለጠየቅሽው፣ ትንሽ ተኝታለች። ሐኪም አይቷታል፣ መድኃኒት ይዛለች። መንገዱ ሲከፈት ደብረ ብርሃን እንወስዳታለን። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለም።

ደብዳቤሽ እዚህ ምን እንዳስነሳ ልንገርሽ። ኮሌጁን የሰማነው እኔና እናትሽ ብቻ ነን። ጨዋታውን ግን ሞላሌ በሙሉ ሰምቶታል። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ኃይለመስቀል ከደብተሬ አንድ ወረቀት ገንጥሎ ሜዳውን ሣለ። የእናትሽን መኝታ ወደ መስኮቱ አስጠግተንላት ስለነበር ሁሉም እኛ በረንዳ ላይ ነው የተሰበሰበው። "ኪሊማ ኮረብታ፣ ምቶኒ ወንዝ ዳር" ብዬ ሳነብላቸው መምህር ምንተስኖት እጁን አወጣ፤ እንደ ተማሪ።

"ወንዝ ዳር ከሆነ ቆላ ነው። ቆላ ከሆነ የኔ ነው። ጀማን እየጠጣሁ አድጌ ኮረብታ ልደግፍ?"

"የልጅቱን አባት ቤት ተከራይተህ?" አለው ኃይለመስቀል።

"ኪራዩ ውስጥ ድጋፍ አልተጻፈም።"

"ቆይ፣ ሽቅብ ሲሯሯጡ አየር ያጥራቸዋል፣ ያንተዎቹ።"

"ሜዳው ለጥ ያለ ነው ተብሏል እኮ፣ ጋሼ! ደግሞ የመንዝ ሰው ዓመቱን ሙሉ ባና ተከናንቦ ቁጭ ብሎ ሩጫ ከየት ያውቃል?"

ይሄኔ እናትሽ በመስኮት፣ ከተኛችበት፣ "አሥራ አምስት ቁጥሯን ማን ያልፋታል በሉት!" አለች። ምንተስኖት ተነስቶ ወደ መስኮቱ እጅ ነሳና "እርሶ ካሉማ እኔም ሃይማኖቴን እለውጣለሁ፣ እትዬ" አላት። ሳቀች። ስትስቅ ያማታል፤ ግን ሳቀች።

ግምት አስመዘገብኳቸው።

ኃይለመስቀል፦ ኪሊማ 20፣ ምቶኒ 10።
ምንተስኖት፦ ምቶኒ 25፣ ኪሊማ 5። አምስቷንም ለሰናይት ስል ነው ብሏል።
ወልደ ጻድቅ፦ ማንም ያሸንፍ፣ ልጅቱ በእግሯ ከሜዳ ትውጣ።
እናትሽ፦ ኪሊማ በአንድ ነጥብ። "ከዚያ በላይ አልፈልግም፤ እነዚያም እናት አላቸው።"
እኔ አልገመትኩም።

ሰላምታ የሚሉሽ፦

1. እናትሽ። "ወደፊት እየሮጡ ወደ ኋላ የሚያቀብሉት ነገር አልገባኝም፤ ግን ደስ ብሎኛል" ብላለች።
2. ወልደ ጻድቅ።
3. ኃይለመስቀል።
4. ምንተስኖት፣ ጠላትሽ።
5. ይሥሐቅ።
6. ቡሬ፤ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ወንድ ነው።

አባትሽ


ሞላሌ፣ መጋቢት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእየሩስ። በእጅሽ ብቻ ይድረስ።

እየሩስ፣ ይህን ወረቀት በር ዘግተሽ አንብቢው። አንብበሽም አቃጥይው። ሰናይት እንዳታየው።

ጥሩሸዋ አረፈች። ባለፈው ረቡዕ፣ መጋቢት 11፣ ጎህ ሲቀድ። ደብረ ብርሃን ወስደናት ነበር፤ ዘግይታችኋል አሉን፤ እቤቴ መልሱኝ አለች፤ መለስናት። መርዶ በወረቀት መጻፍ ነውር እንደሆነ አላጣሁትም፤ እህቴ ነሽና ይቅር በዪኝ። ወዳንቺ የምልከው ሰው የለኝም። ለልጄ ግን በወረቀት አላደርገውም።

የምትሠሪውን ልጻፍልሽ።

1. እስከ ቅዳሜ ሚያዝያ 5 ምንም እንዳትነግሪያት። ሐሳቡ የኔ አይደለም፤ የሟቿ ነው። "ከኔ ጋር ትምህርቷን አብራችሁ እንዳትቀብሩት" ብላ አስምላኛለች። ማልኩ። ምን ላድርግ?
2. እሑድ ንጋት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌ፣ ከጎረቤት ደግሞ ሴቶች ጥሪ። ተሰብስባችሁ፣ እቤቷ፣ ወግ ባለው ሁኔታ ንገሯት። ብቻዋን እንዳትሰማው።
3. እስከዚያ ጥቁር እንዳትለብሺ። ዓይንሽ ካበጠ ሽንኩርት ነው በይ። ምግብ ቤት አለሽ፤ ሽንኩርት አይጠፋም።
4. አንቺም አልቅሺ፤ ግን እሷ ልምምድ ስትሄድ።

ለሷም ዛሬ እጽፋለሁ፤ ይሥሐቅ ነገ ይነሳል። ባልጽፍላት ትጠረጥራለች። ምን ብዬ እንደምጽፍ ግን አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት የግብርና ጽሕፈት ቤት ንብረት ክፍል ስሠራ፣ መጋዘን ውስጥ የሌለውን ዕቃ አለ ብዬ ፈርሜ አላውቅም።

ወንድምሽ ተገኘ


ሞላሌ፣ መጋቢት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሰናይት፣ እንዴት ነሽ? ልምምዱ እንዴት ነው? አንገትሽስ?

እኔ ደህና ነኝ። ላሟ ደህና ናት፣ ጥጃውም ደህና ነው። ጾሙን ይዘናል። በልግ ዘንቧል፤ ሁለት ቀን ዘንቦ አቆመ።

ሰሞኑን ቤታችን ሰው አልጠፋበትም። ከቀየት ወልደ ጻድቅ ከነቤተሰቡ መጥቷል፤ ከዘመሮም ዘመድ መጥቷል፤ የመሥሪያ ቤት ሰዎችም፣ የእድሩም ሰዎች አሉ። ለምን መጡ ትዪ ይሆናል። ጾም ነው፤ ሥራም ይህን ያህል የለም።

እንግዲህ ሰው በተሰበሰበበት ያንቺን ጨዋታ አነሱት። ያነሳው ምንተስኖት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ከጎኔ አልተነሳም ነበር፤ ውሃ ሲያመላልስ፣ አግዳሚ ሲያነሳ ነው የከረመው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት "ጋሼ ተገኘ፣ ያቺን ሜዳ የተሣለችበትን ወረቀት የት አደረጓት?" አለኝ።

ከኪሴ አወጣሁት። ለምን ኪሴ ውስጥ እንደነበረ አላውቅም።

ኃይለመስቀል ተቀብሎኝ ንፍሮ ያለበትን ትሪ አስጠጋና በባቄላና በስንዴ ሁለቱን ቡድን አሰለፈ። ኪሊማ ባቄላ፣ ምቶኒ ስንዴ። "ስምንቱ እዚህ ይገፋፋሉ" አለ። "ስንዴው ቀላል ነው፣ ወደ ኋላ ይሄዳል።"

"ስንዴ ግን ይበዛል፣ ጋሼ" አለ ምንተስኖት።

"አሥራ አምስት አሥራ አምስት ነው፤ ሕጉን አታጭበርብር። የምታስተምረው ሒሳብ ነው ወይስ ሌላ?"

"ቆላ ላይ አሥራ አምስት ሲቆጠር እንዲህ ነው።"

የዘመሮው ዘመዳችን፣ ስለ ነገሩ የሰማው ያኔ ገና ነው፣ "እቺ ከኋላ ብቻዋን የቆመችው ባቄላ ማን ናት?" ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወልደ ጻድቅ "የእህቴ ልጅ ናት" አለ፤ ሳቀም፤ ወዲያው ደግሞ ነጠላውን ፊቱ ላይ አደረገ። ጭስ ነው አለ። እውነትም ውጭ እሳት ነበር።

ግምቱ ተለውጧል። ምንተስኖት አሁን እኩል ለእኩል ይለያያሉ ይላል። ኃይለመስቀል "መርሐቤቴ ከዳች" ብሎ ቢነቁረው "ዝም በሉ ጋሼ፣ ለዚህ ሳምንት ብቻ ነው" አለው። እኔም ገምቻለሁ። ኪሊማ በአንድ ነጥብ ብያለሁ።

የማሳስብሽ ይኼን ነው።

1. ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ብዪ፤ ጾም ነው ብለሽ ባዶ ሆድሽን አትግቢ። ንስሐ አባትሽን እኔ አስፈቅጃለሁ።
2. ሁሉን አልፋ የመጣችውን ያዢ። ከያዝሽ ግን አትጉጂያት።
3. ስለኛ አታስቢ።

ሰላምታ የሚሉሽ፦

2. አጎትሽ ወልደ ጻድቅ።
3. ኃይለመስቀል።
4. ምንተስኖት፣ ጠላትሽ።
5. ይሥሐቅ።
6. ቡሬ ላሟ።

አባትሽ ተገኘ


ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባባ፣ ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

አክስቴ ደህና ናት። ሰሞኑን ሽንኩርት የምትከትፈው ራሷ ናት፤ ለማንም አትሰጥም።

ቅዳሜ ቁርስ እበላለሁ። የመጣችውን እይዛለሁ። አልጎዳትም።

ሰላምታዬን ከቁጥር 2 እስከ ቁጥር 6 ላሉት ሁሉ ያድርሱልኝ።

ሰናይት


ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባባ፣

ያለፈችውን አጭር ወረቀቴን ሲያገኙ እንደገባዎት አውቃለሁ። እርሶ ቁጥር አይዘሉም። የቁምጣዬን ነገር እንኳ ትተው ቁጥሩን አልዘለሉትም። ዝርዝሩ ከሁለት ሲጀምር ሳይ መጀመሪያ ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ ከጀርባ ይሆናል ብዬ። ከጀርባው የዘይት ጠብታ ብቻ ነው ያለው።

አክስቴን አልጠየቅኳትም። ከጠየቅኳት መንገር ይኖርባታል፤ ከነገረችኝ ደግሞ ቅዳሜ አይኖርም። ይህን ያሰበችው እማዬ እንደሆነች ጠርጥሬ ነበር። ስለዚህ ሦስት ቀን እኔና አክስቴ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ተደባብቀን፣ እሷ በሽንኩርቱ እኔ በሳህን ማጠቢያው ስናለቅስ ከረምን።

ዓርብ ማታ ፀጉሬን ተላጨሁ። ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረኝም። ጥቁር ብለብስ ይታወቃል፤ ፀጉር ግን እዚህ አገር ሴቶች ስለሚላጩት ማንም ምንም አይልም። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ መለወጫው ክፍል ስገባ ልጆቹ አዩኝና ጮኹ። ምቶኒን ለማስፈራራት ያደረግኩት መሰላቸው። "አሥራ አምስት ለጦርነት መጣች!" አሉ። አንደኛ ቁጥራችን፣ ያቺ ሸክሙን የምትይዘው፣ መላጫ ከየት እንዳመጣች እንጃ፣ እዚያው ተቀምጣ እኔንም ላጩኝ አለች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። አምስት ሆነን ነው የገባነው። አባባ፣ አንዳቸውም አላወቁም። ሳያውቁ አለቀሱላት።

ጨዋታው ይኼው ነው፤ ለኃይለመስቀል ያንብቡለት። እስከ መጨረሻው ሁለት ደቂቃ 14 ለ 12 እየመራን ነበር። ከዚያ የነሱ አሥራ አንድ ቁጥር ሁሉን አልፋ መጣች። እኔና እሷ ብቻ ቀረን። ያዝኳት። አንገቷን አልነካሁም፣ ወገቧን ነው። አብረን ወደቅን። ኳሷ ግን መስመሩን ነክታ ነበር፤ አንድ ክንድ አይሆንም ያለፈችው። 17 ለ 14። መሬቱ ላይ ትንሽ ቆየሁ። ብርድ አልነበረም።

ኮሌጁ ሁለት ልጅ መረጠ። አንዷ ያቺ አሥራ አንድ ቁጥር ናት። ሁለተኛዋ እኔ አይደለሁም።

እሑድ ንጋት ከሁሉ ቀድሜ ተነስቼ ሳሎኑን ጠረግኩ፣ ወንበሮቹን ደረደርኩ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ወንበር ተዘጋጅቶ አግኝተው ደነገጡ። ሊናገሩ ሲሉ አክስቴ ቀድማቸው ጮኸች። እኔ ሁሉን ያወቅኩ መስሎኝ ነበር። ከአፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነው፤ እንደ አዲስ ነው የወደቅኩት። ይኼንን እርሶ ያውቁ ነበር መሰለኝ፣ ለዚህ ነው በወረቀት ያላደረጉት።

አልተቀየምኩም ልል ነበር። ተቀይሜአለሁ። ንፍሮው ትሪ ላይ አንዲት ባቄላ ከኋላ ብቻዋን ቆማ ሰው ሁሉ አይቷታል፤ እኔ ራሴ ግን እዚያ አልነበርኩም። ያም ሁሉ ለአንድ ክንድ መሬት ሆነ። እማዬ ምን ነበር ያለችው? መቼም ምንም ሳትል አልሄደችም። ያቆዩልኝ ነገር ካለ አሁን ይላኩልኝ።

አንድ ነገር ግን አመሰግንዎታለሁ። ዋሽተው ቁጥር አንድን አልሞሉትም።

ሰናይት


ሞላሌ፣ ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

ሁለቱም ወረቀቶችሽ አንድ ላይ ደረሱኝ። መንገዱ ተዘግቶ ይሥሐቅ አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ቆሞ ነበር። ስለዚህ አንቺ ማወቅሽን እኔ ያወቅኩት ከፋሲካ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ልጄ ሳታውቅ ተጫወተች እያልኩ ነበር የምጽናናው።

በድያለሁ። ዝርዝር ላወጣለት ተቀምጬ ነበር፤ አንድ ብዬ ጽፌ እዚያው ቀረሁ። ቅር መሰኘትሽ ልክ ነው። መሐላዬንም ባፈርስ እናትሽ ናት የምትቀየመኝ፤ ባላፈርስ አንቺ። ከሁለታችሁ አንዳችሁን ማስቀየም ነበረብኝና፣ የምትኖረዋን መረጥኩ፤ ቀን ያላት፣ ይቅር ልትል የምትችል ብዬ።

አርባዋን ከሆሣዕና በፊት አወጣን። ሰው ብዙ ነበር። ደብዳቤሽ የመጣ ቀን ደግሞ በረንዳው ላይ ሰበሰብኳቸውና ጨዋታውን አነበብኩላቸው። ፀጉር ከተላጩት ልጆች ላይ ስደርስ ወልደ ጻድቅ ተነስቶ ወጣ። ምንተስኖትን አየሁት፤ ያሸነፈው የሱ ምቶኒ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ኃይለመስቀልን የሚነቁርበትን ቀን ሲጠብቅ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን እያየ ነው። ኃይለመስቀል ራሱ "በል እንጂ፣ በለኝ! ደጋ ተሸነፈ በለኝ!" ብሎ ቢለምነው "ዳኛው አላየም፣ ጋሼ፤ መስመሩን አልነካችም" አለው። ሞላሌ ተቀምጦ ናይሮቢ ያለውን መስመር። ኃይለመስቀል ተናደደ፤ "እኔ በስፖርት አልዋሽም፣ ልጅቱ ራሷ ነክታለች እያለች" አለ። ተጣሉ። አሁንም አይነጋገሩም፤ ግን ጠዋት ጠዋት አንድ አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጡት።

ስለ ትምህርቱ አይዞሽ አልልሽም። አይዞሽ ቢበቃ ኖሮ እኔም ደህና በሆንኩ።

አሁን የጠየቅሽኝ። አዎ፣ ያቆየሁልሽ አለ። ከመሞቷ በፊት ባለው ማክሰኞ ነው ያለችኝ፤ ከጨዋታው በኋላ ጻፍላት ብላ ስለነበረ ነው ያስቀመጥኩት። ረጅም ነገር አትጠብቂ፤ ድምፅ አልነበራትም።

ሰላምታ የሚሉሽ፦

1. እናትሽ ጥሩሸዋ። "ማን አሸነፈ ብለህ ጠይቅልኝ" ብላለች።
2. ወልደ ጻድቅ።
3. ኃይለመስቀል።
4. ምንተስኖት። ጠላትሽ የሚለውን ሰርዝልኝ ብሏል።
5. ይሥሐቅ።
6. ቡሬ።

መልስሽን ይዤ ትናንት መቃብሯ ጋ ሄጄ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት። እስከ 14 ለ 12 ድረስ አነበብኩላት። ከዚያ አጠፍኩት።

ክፉ ወሬ በወረቀት አይነገርም። ስትመጪ አንቺው ትነግሪያታለሽ።

አባትሽ ተገኘ